መለዋወጫ ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናዋ ጋራዥ ስትገባ ደህና ነበረች። ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ተቀየረላት፣ የአየር ፊልትሮ ተቀየረላት፣ ስሮትሏ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር) ታጠበ። ስትወጣ ግን ትራፊክ መብራት ላይ ቆማ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በራሱ ሲዞር (ሚኒሞ ላይ ማለት ነው) ትንቀጠቀጣለች። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የሚጠይቀኝም አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕቃ ገዝቶ ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህ ስለሚያንገበግበኝ ነው የጻፍኩት። መልሶቹ በዋናነት ለቤንዚን መኪኖች ናቸው፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና መሰሎቻቸው። ናፍጣ ለምትነዱ ወደ ታች ለብቻው አለ።

ጤነኛ ሚኒሞ ስንት ነው?

ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ እግራችሁም ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ የአብዛኛው ቤንዚን መኪና አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ600 እስከ 800 መሃል ይቀመጣል። ጠዋት በብርድ ስታስነሱት ከ1,200 እስከ 1,500 ቢወጣና ሲሞቅ ቀስ እያለ ቢወርድ ትክክል ነው። ኤሲ ስትከፍቱ ትንሽ ከፍ ቢልም አትደንግጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 1 ሊትር ሞተር ያላት ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ሦስት ሲሊንደር ናት። ትንሽ እርግብግብታ ተፈጥሮዋ ነው። ከጎረቤታችሁ ባለ አራት ሲሊንደር ኮሮላ ጋር አታወዳድሯት። ጥያቄው ከጥገናው በፊት እንዴት ነበረች የሚለው ነው።

ከጋራዥ እንደወጣች ነው የጀመራት። ከየት ልጀምር?

መጨረሻ ላይ ከተነካው ዕቃ። ትናንት ደህና የነበረ ኮይል (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ)፣ ካንዴላ በተቀየረ ቀን በአጋጣሚ ይሞታል ማለት ይከብዳል። ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያልገባ ሶኬት፣ ያልጠበቀ ፋሼታ (ቱቦ የሚያጠብቀው ቀለበት)፣ ሲነቀል የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነው።

ከራሴ ልንገራችሁ። ኮሮላዬ ስሮትሏ ታጥቦ የአየር ፊልትሮ ተቀይሮላት ወጣች። በማግስቱ ጠዋት የአርፒኤም ቀስቷ ከ700 ወደ 500 ትወርዳለች፣ ተመልሳ ትወጣለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። ኮይል ነው ተባልኩ፤ ገዛሁ። ለውጥ የለም። ካንዴላው አይሆንም ተባልኩ፤ እሱንም ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ የስልኬን መብራት ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከስሮትሉ በስተኋላ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ጎማ አለ። ከሞተሩ ክዳን ተነስቶ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ የሚገባው ማለት ነው። ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም። በጣቴ ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ግን ሆዱ ላይ እንደ ከንፈር ተከፈተ። ስስ የሆነ “ስስስ” የሚል ድምፅም ነበረው። አውራ ጣቴን ጭኜ ስይዘው ሞተሩ ረጋ። ሳነሳው እንደገና መንቀጥቀጥ። ያ ጎማ ከኮይሉ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከምንም አይቆጠርም ነበር። የጎማ ቱቦ ዓመታት ሙቀት ከበላው በኋላ ይደርቃል፤ ሥራ ለመሥራት ወደ ጎን ሲገፉት ይሰነጠቃል። መካኒኩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን ሲገጥም ጎንበስ ብሎ ቢያየው ኖሮ ያን ሁሉ ወጪ ባላወጣሁ ነበር።

ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይህን ተመልከቱ። የአየር ፊልትሮው ሳጥን በአራቱም በኩል ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል? ከሳጥኑ ወደ ስሮትል የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ፋሼታው ጠብቋል? የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር ሶኬቱ ገብቷል? የዘይት መሙያው ክዳንና የዘይት መለኪያው ዘንግ ቦታቸው ላይ ናቸው? እሱ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አየር የሚገባበትን ቦታ እንዴት አገኘዋለሁ?

መጀመሪያ በጆሮ። ሞተሩ እየሠራ ሬዲዮና ኤሲ አጥፉና አዳምጡ። ቀጥሎ በእጅ። ወደ ማኒፎልዱ የሚገቡትን ቀጫጭን ጎማዎች አንድ በአንድ በጣት ወይም ጨርቅ በጠቀለላችሁበት ፒንሳ ለስለስ አድርጋችሁ ቆንጥጡ። አንዱን ስትቆነጥጡ ሞተሩ ከተስተካከለ መንገዱን አገኛችሁት። ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ አትርሱ። እሱ አየር ካሾለከ የፍሬኑ ፔዳልም ይጠጥራል፤ ያኔ ጉዳዩ የሚኒሞ ብቻ አይደለም፣ መኪናዋን አታንቀሳቅሷት።

ብዙ ጋራዥ የካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይ እየነፉ አርፒኤሙ ሲለወጥ ያያሉ። ይሠራል፣ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው። የጋለ የጭስ ማውጫና የሚፈነጥቅ ኮይል አጠገብ ቤንዚን እንደመርጨት ቁጠሩት። ቤት ውስጥ ለምትሞክሩ ሰዎች በሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ ያለ የሳሙና ውኃ ይበቃል። ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ውኃው ይሳባል፣ ድምፁም ለአፍታ ይለወጣል። ሶኬቶቹን ግን አታርጥቡ። በጭስ የሚፈትሽ ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ደግሞ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። የአየር መጠን ሴንሰር ያላት መኪና ላይ ከሴንሰሩ ወዲያ ሾልኮ የገባ አየር አይቆጠርም። ኮምፒዩተሩ ለቆጠረው አየር ብቻ ነዳጅ ይሰጣል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አየሩን በማኒፎልድ ግፊት የምትለካ መኪና ላይ ግን የገባው አየር ግፊቱን ስለሚለውጠው ነዳጁም አብሮ ይጨመራል። እሷ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ሚኒሞዋ ከፍ ይላል፣ ወይም ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ “አርፒኤሟ ጨመረ እንጂ አልወረደም፣ አየር አይደለም” የሚለው መደምደሚያ ሁልጊዜ አያዋጣም።

የቫኩም መለኪያ (ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የመሳብ ኃይል የሚለካ) ያለው መካኒክ ካገኛችሁ ደግሞ ከፍታውን አስታውሱት። ባሕር ዳርቻ ላይ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ በግምት በ1 ኢንች ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከ10 እስከ 13 ቢያሳይ ሞተሩ ደከመ ማለት አይደለም። በዩቲዩብ ያየውን ቁጥር ይዞ “ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። ከቁጥሩ ይልቅ የቀስቱን እርጋታ ማየት ይሻላል።

ካንዴላ ነው የቀየርኩት። አዲስ ካንዴላ እንዴት ያስቸግራል?

በብዙ መንገድ። አንዱ ክፍተቱ ነው። ኤንጂኬ ካንዴላ ላይ የተጻፈው መለያ በ11 ካለቀ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የእናንተ ሞተር የሚፈልገው ሌላ ከሆነ፣ ወይም ካንዴላው ወድቆ ጫፉ ከታጠፈ ሚኒሞ ላይ ይታያል። ከእጁ የወደቀበትን ካንዴላ አንስቶ የሚገጥም ሰው አለ፤ ነጩ ሸክላ በዓይን የማይታይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይዞ ይገባል፤ እሳቱ ጫፉ ላይ መፈንጠቁን ትቶ በጎን ያመልጣል። ኢሪዲየም ከሆነ ደግሞ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ክፍተቱን በብረት ለማስተካከል አትሞክሩ።

ሁለተኛው አጠባበቁ ነው። በእጅ እስኪቆም ታጠብቃላችሁ። አዲስ ሆኖ ቀለበት ያለው ካንዴላ ከዚያ በኋላ በመፍቻ ከግማሽ ዙር ትንሽ በለጥ ብሎ ይጠብቃል። በእጅ ስትጀምሩ ከጠጠረ ጥርሱ ተዛንፏልና መልሱት፤ በመፍቻ አታስገድዱት። የቴስታታ ጥርስ መበላሸት የሚያመጣውን ወጪ ማንም እንዲቀምሰው አልፈልግም።

ካንዴላ ገመድ ያላት የቆየች መኪና ከሆነች ገመዶቹ ተቀያይረው ይሆናል። የብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች የአቀጣጠል ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ መኪናዋ ትነሳለች፣ ግን ክፉኛ ትንቀጠቀጣለች፣ በጭስ ማውጫውም ትተኩሳለች። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካያችሁ የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሄዷል ማለት ነው። አዲስ ካንዴላ ያንን አይፈታውም።

ስትገዙስ? ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ እጃችን ላይ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ኦሪጅናል የመሰለ ማሸጊያ ላይ ብቻ አትመኑ። የጥርሱን ርዝመት፣ የቁልፉን መጠን፣ የተጻፈውን መለያ ጎን ለጎን አስተያዩ።

ኮይል ነው አሉኝ። ልግዛ?

ገና አትግዙ። ኮይሉ ካንዴላው ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ከሆነ ሞተሩን አጥፉና የተጠረጠረውን ከጎኑ ካለው ጋር አለዋውጡት። በስካነር (የመኪናዋን ኮምፒዩተር ኮድ በሚያነበው መሣሪያ) 1ኛው ሲሊንደር ነው የተባለው ችግር ወደ 2ኛው ከተዛወረ ኮይሉ ነው፤ ግዙ። እዚያው ከቀረ ኮይሉ ደህና ነው፤ ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን)፣ ሶኬቱን እዩ። ይህ ሙከራ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ግን ስንቱ ሰው ሳያደርገው አራት ኮይል ገዝቷል።

ስካነር ከሌለስ? ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ለጥቂት ሰከንድ ነቅሎ መመለስ ነው። ሲነቀል ድምፁ የሚበላሽ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ሲነቀልም ሲሰካም ምንም ለውጥ የሌለው እሱ ነው የተኛው። የካንዴላ ገመድ በባዶ እጅ እየነቀሉ ብልጭታ ማየት ግን ይቅርባችሁ፤ ለእናንተም ለኮምፒዩተሩም ጥሩ አይደለም።

ስሮትል ከታጠበ ወይም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ነው የጀመራት። ምን ሆነች?

ምናልባት ምንም አልሆነችም። ስሮትሉ ጠርዝ ላይ ጥቀርሻ ሲጠራቀም ኮምፒዩተሩ ያንን እያካካሰ ቀስ በቀስ ይለምዳል። ጥቀርሻው ሲታጠብ አየሩ በዛ፤ ኮምፒዩተሩ ግን የድሮውን ልማድ ይዟል። ባትሪ ሲነቀል ደግሞ ልማዱ ጠፍቶ ከዜሮ ይጀምራል።

ለቶዮታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው ይህ ነው። መብራትና ኤሲ አጥፍታችሁ አስነሱ። ነዳጅ መስጫውን ሳትነኩ ሞተሩ እስኪሞቅና የራዲያተሩ ማራገቢያ እስኪዞር፣ አሥር ደቂቃ ያህል፣ ተዉት። ከዚያ ኤሲ ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ። ከዚያ ከተማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱ። ኤሌክትሮኒክ ስሮትል ያላቸው ኒሳኖች ግን በዚህ ብቻ አይመለሱም፤ በስካነር ወይም በተወሰነ የፔዳል አካሄድ ማስተማር ያስፈልጋቸዋል።

በሁለት ቀን ካልተስተካከለ ወደ ስሮትሉ ተመለሱ። ጓርኒሲዮኑ ሳይገባ ወይም ታጥፎ ተገጥሞ ይሆናል። ሌላው የማየው ጥፋት ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ የኤሌክትሮኒክ ስሮትሉን ምላስ በጣት መግፋት ነው። ውስጡ ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስላሉ ይጎዳል። ገመድ ያለው የድሮ ስሮትል ከሆነ ደግሞ የምላሱን ማቆሚያ ቡሎን እያዞሩ ሚኒሞ “መስጠት” ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።

የአርፒኤም ቀስቱ አይነቃነቅም፣ መኪናው ግን ይርገበገባል። ይህስ?

ይህ ሌላ በሽታ ነው። ቀስቱ ረግቶ መሪውና ወንበሩ የሚርገበገብ ከሆነ ሞተሩ ሳይሆን እሱ የተቀመጠባቸው የጎማ መደገፊያዎች ናቸው የሚጠረጠሩት። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ይዛችሁ ዲ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ ኤን። ዲ ላይ ብሶ ኤን ላይ ከቀለለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፍሪሲዮን ወይም ካምቢዮ ወርዶ ከነበረ ቡሎኖቹ ሞተሩ ተጨንቆ ሳለ ጠብቀው ይሆናል። ላላ አድርጎ፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት ቦታውን እንዲይዝ ትቶ መልሶ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይፈውሰዋል። አዲስ የተገጠመ ርካሽ ጎማም ከመጠን በላይ ደረቅ ሆኖ እርግብግብታውን በሙሉ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል።

ታይሚንግ ቤልት ወይም ቼይን ነው የተቀየረው።

አጥፉት፤ አትንዱት። አንድ ጥርስ ብቻ ቢዛነፍ ሞተሩ ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል። ከዚያ በላይ ከተዛነፈ አንዳንድ ሞተር ላይ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ። የቀየረው ሰው ምልክቶቹን በዓይናችሁ ፊት ይክፈትና ያሳያችሁ። ስካነር ላይ ፒ 0016 ካወጣ ደግሞ ክራንክና ካምሻፍቱ (የፒስቶኑና የቫልቩ ዘንጎች) አልተጣጣሙም እያለ ነው።

ስካነሩ ፒ 0171 ይላል። ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር አሉኝ።

ፒ 0171 ድብልቁ ሳስቷል፣ አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል የሚል ኮድ ነው። ሴንሰሩ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን በመቀየር ወሬው አይቀየርም።

ስካነሩ የነዳጅ ማስተካከያውን በመቶኛ የሚያሳይ ከሆነ ይህን አድርጉ። ሚኒሞ ላይ አንብቡ፤ ከዚያ ሞተሩን 2,500 ላይ ይዛችሁ አንብቡ። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ 2,500 ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር እየሾለከ ይገባል፤ ስንጥቁ ያው ስለሆነ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ያንሳል። ሁለቱም ላይ ከፍ ካለ፣ በጭነት ላይ ደግሞ ከባሰ፣ የነዳጅ ፖምፓና ፊልትሮ ተመልከቱ። ወይም የአየር መጠን ሴንሰሩ ቆሽሾ አሳንሶ እየቆጠረ ነው።

ፒ 0300 ማለት የእሳት መሳቱ (ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ማለፉ) በአንድ ሲሊንደር አልተወሰነም ማለት ነው፤ ከ0301 እስከ 0304 ያሉት ሲሊንደሩን ለይተው ይናገራሉ። ስልክ ላይ የሚሠራውን ትንሹን ስካነር ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣላችሁ ይችላል፣ ውድ አይደለም። ነገር ግን ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራችው መኪና ስም ነው። የቆዩ የጃፓን ገበያ መኪኖች ብዙዎቹ በዚያ ርካሽ ስካነር አይነበቡም። ያሪስ ሆና ለአውሮፓ የተሠራችው ግን ትነበባለች። ከመግዛታችሁ በፊት ከሰው ተውሳችሁ ሞክሩት።

ኢንጀክተር አሳጥቤ ነው።

የላስቲክ ቀለበቶቹ አዲስ ናቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደርቆ የነበረ ቀለበት ተመልሶ ሲገባ ይታጠፋል፤ በላይ በኩል ነዳጅ፣ በታች በኩል አየር ያሾልካል። የቤንዚን ሽታ ከሸተታችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ዛሬውኑ አስተካክሉት።

እንደዚህ ሆና ልንዳት?

ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አትንዱ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ያቀልጠዋል። መብራቱ ካልበራ፣ መንቀጥቀጡም ቀላል ከሆነ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ታይሚንግ፣ የፍሬን ጎማ፣ የነዳጅ ሽታ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ግን ተጎትታ ትሂድ።

ናፍጣ ነው የምነዳው። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ሚኒሞ አልይዝ አለ።

ከአሥሩ ዘጠኙ አየር ነው ብዬ ነው የምጀምረው። ፊልትሮው ባዶውን ተገጥሞ መስመሩ ውስጥ አየር ቀርቷል። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠጥር ድረስ ደጋግማችሁ ጫኑ፤ የአየር ማስወጫ ቡሎን ካላት አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ ላላ አድርጋችሁ ያዙ። ጠጥራ ቆይታ በማግስቱ ጠዋት ከላላች መስመሩ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው፤ የፊልትሮውን ጎማ ቀለበትና የቱቦ ፋሼታዎቹን ፈትሹ።

ወደዚያው ጋራዥ ስመለስ ምን ልበል?

“ተበላሸ” አትበሉ። መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ተናገሩ፤ ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ፣ ዲ ላይ ወይስ ኤን ላይ፣ ኤሲ ሲከፈት ወይስ ሲዘጋ። የአርፒኤም ቀስቱን በስልክ ቀርጻችሁ ሂዱ፤ ጋራዥ ስትደርስ ደህና የምትሆን መኪና ብዙ ናት። በቁጣ ሳይሆን “ወንድሜ፣ የነካነውን አብረን እንየው” ብላችሁ ጀምሩ። ሰው ሲከሰስ ይከላከላል፤ ሲጠየቅ ጎንበስ ብሎ ያያል።

የወጣውንም አሮጌ ዕቃ በፌስታል ተቀበሉ። አሮጌውን ካንዴላ ጠረጴዛ ላይ ከአዲሱ ጎን አቁሙት። የጥርሳቸው ርዝመት እኩል ካልሆነ ማንም ሳያስረዳችሁ ታዩታላችሁ።